የእንቅልፍ ቀኖና

በእኛ ቤት እንቅልፍ ነውር ነበር። ስካር እንኳ ይቅርታ ያገኛል፤ «ሠርግ ላይ ነው፣ ሰው ነው፣ ምን ይደረግ» ይባላል። ፀሐይ ወጥታበት አልጋ ላይ የተገኘ ሰው ግን ወዮለት! እናቴ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍትና «ተነሽ እንጂ አንቺ ልጅ! ሬሳ እንኳ እስካሁን ተቀብሮ እዝኑ ተበልቷል» ትለኝ ነበር። ዛሬ የራሴ ደመወዝና የራሴ በር ያለኝ ሴት ሆኜም፣ በዕረፍት ቀኔ አርፍጄ ስነሣ የሰው ንብረት ወስጄ የተያዝኩ ይመስለኛል።

የነውሩ ምንጭ አባቴ ናቸው። ጋይንት ውስጥ በአንድ የገጠር ደብር የዜማ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውም፣ እናቴም፣ መንደሩም «የኔታ» ይሏቸዋል። በጉብዝናቸው የድጓው አገር ቤተ ልሔም ሲማሩ፣ ሌሊት በጨለማ በቃል የሚቀበሉት ትምህርት እንዳያመልጣቸው መዳፋቸው ላይ ድንጋይ ይዘው ይቀመጡ ነበር አሉ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው ድንጋዩ እግራቸው ላይ ይወድቅና ይነቃሉ። የግራ እግራቸው አውራ ጣት ጥፍር እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ልጆች ሳለን ያንን ጥፍር እንደ ሜዳልያ ያሳዩን ነበር፤ እኛም በየተራ እየነካን እንደነቅ ነበር። ነርስ ሆኜ ሳየው ግን የታየኝ ሌላ ነው። እኚህ ሰውዬ ገና በአፍላነታቸው ከገዛ ገላቸው ጋር ተጣልተው፣ እስከ እርጅና እርቅ አላወረዱም።

ማታ ለተማሪዎቻቸው የቃል ትምህርት፣ ከዚያ የሌሊቱ ጸሎት፣ ሲነጋ ኪዳን፣ ቀን ቅዳሴና ጉባኤ። በመካከሉ ደግሞ እንደ ማንኛውም ገበሬ እርሻ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሽምግልና አለ። «ታዲያ መቼ ይተኛሉ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጥያቄው ራሱ ድፍረት ነው።

እኔ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ በጤና ጣቢያ እሠራለሁ። ጠዋት ጠዋት ተራ ለሚጠብቁ ታካሚዎች የጤና ትምህርት እንሰጣለን። አንድ ቀን አዳር ተረኛ ሆኜ፣ እናቶች ተከታትለው ሲወልዱ ጀርባዬ ፍራሽ ሳይነካ ነጋ። ጠዋት የደረሰኝ ርዕስ «እንቅልፍና ጤና» ሆኖ አረፈው! እንቅልፍ ያጣ ሰው ግፊቱ እንደሚጨምር፣ ስኳሩ እንደሚዛባ፣ ቁጡና ዝንጉ እንደሚሆን ቆሜ ስናገር በመካከሉ ዓይኔ ተከደነ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ስነቃ አንዲት ሴትዮ ክንዴን ይዛ «ተዋት፣ ደክሟታል፤ ትምህርቱ ገብቶናል» ትላለች። አዳራሹ በሳቅ አለቀ። ኃላፊዬም ቢሮው ጠርቶ ገሠጸኝ። ይህን የማወራው፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ቆሞ ያንቀላፋ ሰው ምን እንደሚደርስበት እንድታውቁልኝ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው።

አምና በጽጌ ሰሞን እናቴ ደወለችልኝ። ጽጌ ማለት ለእሑድ አጥቢያ ሁሉ ሌሊቱ በማኅሌት የሚያልፍበት ወቅት ነው።

«አባትሽ ተመሰጡ» አለችኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ተመሰጡ እንጂ! ማኅሌት ላይ ቆመው፣ መቋሚያቸውን እንደተደገፉ ነፍሳቸው ተነጠቀች። ሕዝቡ ሁሉ አይቷል።»

«ከዚያስ? እንዴት ነቁ?»

«ነቁ አትበይ። ተመለሱ ነው የሚባለው።»

ድምፅዋ ውስጥ ኩራትም ፍርሃትም ነበረበት። እኔን የያዘኝ ፍርሃቱ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት መንገዱ ክፍት መሆኑን አስጠይቄ፣ በደብረ ታቦር በኩል ዞሬ ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያን የገባሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። ከበሮው ደምቋል፤ ጸናጽሉ ይንሿሿል። አባቴ በመሪዎቹ ረድፍ፣ አገጫቸውን መቋሚያው ላይ አስደግፈው ቆመዋል። የታች ከንፈራቸው ረገብ ብሏል፤ ከጥጉም ቀጭን ለሃጭ ወርዶ ጺማቸው ላይ ያብለጨልጫል። ዙሪያቸውን ያሉ ሰዎች በክርን እየተጎሻሸሙ በዓይናቸው ይጠቋቆማሉ። እኔ ስለ ተመስጦ የማውቀው ነገር የለኝም፤ ስለ እንቅልፍ ግን ደመወዝ ይከፈለኛል። አባቴ ድብን ብለው ተኝተዋል! እንዲያውም ያንኮራፋሉ። ታላቁ ተማሪያቸው፣ ራሱ ጺሙ የተንዠረገገ፣ ተመርቆ መምህር ለመሆን የደረሰ ሰው፣ ከበሮውን ይዞ አጠገባቸው ቆሟል። ማንኮራፋቱ ከፍ ሲል ከበሮውን ጠንከር አድርጎ ይመታል፤ ረገብ ሲል ያረግባል። ይኼ ሰውዬ ሁሉን ያውቃል አልኩ በልቤ፤ በዚያው ወደድኩት።

እዚያው እንደቆሙ አባቴ አንድ ቃል ተናገሩ። «በሬውን መልሱት! ጤፉ ውስጥ ገባ!» አሉ ጮክ ብለው፤ ከዚያ ባነኑና መስመሩን ካቆሙበት ቀጠሉት። ከቅዳሴ ወጥተን ደጀ ሰላም ስንደርስ ትርጓሜው ተሠርቶ አልቋል። በሬው ሥጋችን ነው፤ ጤፉ ጾማችን ነው፤ መልሱት ያሉት ንስሐ ግቡ ሲሉን ነው። አንድ ሽማግሌ እንባቸውን እየጠረጉ «ተነግሮናል እንግዲህ፤ ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ሲሉ ሰማሁ። ትርጓሜው አምሮ ስለነበር እኔም ለአፍታ የተመከርኩ መሰለኝ።

ቤት ገብተን እናቴ ጓዳ ስትገባ አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺ የሕክምና ሰው ነሽ፤ አትዋሽኝም። አየሽኝ?»

«አየሁዎት አባዬ።»

«ተኝቼ ነበር።»

«አዎ። ተኝተው ነበር።»

ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ጎተቱ። «በእሱ ፊት ቆሜ ተኛሁ። ንጉሥ ፊት የሚያንቀላፋ ዘበኛ ምን ይደረጋል? ሕዝቡ ደግሞ ይሳለመኛል። ጉልበቴን ሲስሙኝ እሳት ነው የሚነካኝ ልጄ፤ የሰው አምልኮ ሰርቄ የምበላ ይመስለኛል።»

እንዲህ ሲሉኝ አንጀቴን በሉት። አንድ ጊዜ እንኳ በተመስጦው ሲኮሩ ባይ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ለሐፍረታቸው ያገኙለት መድኃኒት፣ ከሚተኟት ከዚያች ጥቂት ሰዓት ላይ ቀንሰው ስግደት መጨመር ነው። ሌሊት የሰገደ ሰው ቀን ያንቀላፋል፤ ሲያንቀላፉ ሕዝቡ ተመሰጡ ይላል፤ ሕዝቡ ተመሰጡ ሲል ይሸማቀቃሉ፤ ሲሸማቀቁ ስግደቱን ይጨምራሉ። እንዲህ ባለበት ሲዞር የሚውል ፍጡር እኔ የማውቀው አውድማ ላይ እህል የሚያበራይ በሬ ነው፤ እሱም ቢሆን ማታ ይፈታል።

የግፊት መለኪያዬን አውጥቼ ክንዳቸው ላይ ጠመጠምኩ። ቁጥሩን ሳይ አላመንኩም፤ ክንድ ቀይሬ ደገምኩ። ያው ነው። እንዲህ ያለ ታካሚ ቢመጣብኝ ተራ አታስጠብቁት ብዬ እጮኻለሁ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ሲተኙ ብትሰሚያቸውማ!» አለች። «እንደ ወፍጮ ሲያንኮራፉ ቆይተው ድንገት ዝም ነው። ትንፋሽ የለም! በክርኔ ስጎስማቸው እንደ ሰመጠ ሰው አየር ስበው ይመለሳሉ። እኔም እኮ ይሄን ሁሉ ዘመን የሳቸውን ትንፋሽ ስጠብቅ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።» ሁለት ሰዎች አንድ አልጋ ላይ አርጅተው አንዳቸውም አልተኙም ማለት ነው። ጎረቤት ደግሞ ትዳራቸውን እንደ ምሳሌ ያነሣል።

የፈራሁትን ሳልሸፍን ነገርኳቸው። «አባዬ፣ የእንቅልፉ እጦትና ይኼ ግፊት ተጋግዘው አንድ ቀን ራስዎ ውስጥ ያለውን የደም ሥር ይበጥሱታል። ወይ ይሞታሉ፣ ወይ ግማሽ ጎንዎ ይያዛል። አንደበትዎ ከተያዘ ዜማውም አብሮ ይሄዳል።»

የሳቸው አባት፣ አያቴ፣ የሞቱት እንዲሁ ነው። የክብረ በዓል ማኅሌት ቆመው አድረው፣ ሲወጡ ቅጥሩ ደጃፍ ላይ ወደቁ። መንደሩ እስከ ዛሬ «የታደሉ! በአገልግሎት ላይ ተጠሩ» ይላል። አባቴ ይህንኑ አስበው ፈገግ አሉና «እንዲያ ያለውን ሞት ማን አግኝቶት ልጄ?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «አያቴን የጠራቸው እኮ ግፊት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። እናቴ አማተበች። አባቴ ግን አልተቆጡም፤ ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያላደረግኩት ነገር የለም። ክኒን አመጣሁላቸው፤ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ትዝ ሲላቸው ብቻ ይውጣሉ። ትንፋሻቸው የሚታፈነው በጀርባቸው ሲተኙ ስለሆነ፣ በጎናቸው እንዲተኙ አንድ ዘዴ ለእናቴ አስተማርኳት። የሌሊት ልብሳቸው ጀርባ ላይ ሽምብራ ቋጥራ ትሰፋለች፤ ሲንጋለሉ ይቆረቁራቸውና ይዞራሉ። ትምህርት ቤት የተማርኩት ነገር በመጨረሻ ለቤቴ ሊጠቅም ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ እስቴ ተመለስኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደወልኩ።

«እንዴት ሆኑ? ተስማማቸው?»

«ኧረ በጣም ነው የወደዱት!» አለች እናቴ። «እንደ ሰንሰለት ነው አሉ፤ የአባቶች ተጋድሎ ነው አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሆን ብለው እሱ ላይ ተንጋለው ይጸልያሉ።»

 በቤታችን ታሪክ የእንቅልፍ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቅቶ ለማደር የዋለው በኔ እጅ ነው።

በመጨረሻ አባቴ ራሳቸው መላ መቱ። እውነቱን ተናግሬ ልገላገል አሉ። የጽጌ ማብቂያ ሰሞን እኔም ቤት ነበርኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ መቋሚያቸውን ይዘው መሐል ወጡ።

«ምእመናን፣ ስሙኝ» አሉ። «ተመሰጠ የምትሉኝ ሐሰት ነው። እኔ ተኝቼ ነው። እንደ ማንኛውም ሽማግሌ አንቀላፍቼ ነው። በሬው በሬ ነው፤ የጎረቤቴ በሬ ነው። ጤፉም ጤፌ ነው። እባካችሁ አትሳለሙኝ፤ በኃጢአቴ ላይ ኃጢአት አትጨምሩብኝ።»

 እኔ እጠብቃለሁ፤ የሚስቅ ይኖራል፣ የሚያጉረመርም ይኖራል፣ ቢያንስ የሚያፍር ይኖራል ብዬ። ከሴቶች በኩል አንዲት ባልቴት ድንገት እልል አለች። «ትሕትናቸውን አያችሁ! ጸጋቸውን ሲሸሽጉ አያችሁ!» አለቀ በቃ። ያልተንበረከከ አልነበረም። በፊት ጉልበታቸውን ይስሙ የነበሩት አሁን የጫማቸውን ዱካ ሳሙት። አንዲት እናት ከቆሙበት ሥር አፈር ዘግና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤ ለልጇ ሆድ ቁርጠት መሆኑ ነው። አባቴ በሰው ራስ ላይ አሻግረው አዩኝ። 

ቅዱስ ነኝ ቢሉ ኖሮ ያን ዕለቱን ይንቋቸው ነበር፤ ኃጢአተኛ ነኝ ስላሉ ቅድስናቸው በማኅተም ጸደቀ። በጣም ሳቅኩ፤ ከዚያ ቤት ሄጄ ጓዳ ገብቼ በጣም አለቀስኩ። የሰው ፍቅር እንዲህ እያቀፈ ሰው ይገድላል ለካ አልኩ። ከዚህ ሁሉ ፍቅር የሚያስጥላቸው ነርስ እንዳልሆነች ገባኝ።

አባቴ በዚህ ምድር ላይ ቃሉን የማያጥፉት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የንስሐ አባታቸው። በዕድሜ ከሳቸው የሚበልጡ መነኩሴ ናቸው፤ የሚኖሩትም ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ቁልቁል ተወርዶ ነው። የሰጧቸውን ቀኖና አባቴ አንዲት ስግደት ሳያጎድሉ ይፈጽማሉ። ለማንም ሳልናገር ሄድኩ። የወገዳን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪናው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ የተሳለው ስለት ቢሰበሰብ ቤተ ክርስቲያን ያሠራል።

መነኩሴው ከበዓታቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። መስቀል ተሳልሜ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው፤ ማንኮራፋቱን፣ ግፊቱን፣ ሽምብራውን፣ አፈር የዘገነችውን ሴት። ሽምብራው ላይ ስደርስ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሳቁ መሰለኝ። ስዘጋጅበት የሰነበትኩትን ጥቅስ ልደረድር ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

«ጥቅሱን ተይው ልጄ። በጥቅስማ እሱ እኔንም አንቺንም ይረታናል። ምን እንዳደርግ ነው የመጣሽው?»

«እንዲተኙ ቀኖና ይስጡልኝ አባቴ።»

«ምን?»

«ቀኖና። እንቅልፍ።»

መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ «ስግደት ሰጥቻለሁ፤ ጾም ሰጥቻለሁ፤ ሚስቱን የሚመታውን ለሚስቱ ውሃ ቅዳ ብዬ አዝዣለሁ። ተኛ ብዬ የቀጣሁት ሰው ግን የለም። እንዲህ ያለ ቀኖና መስጠቴ ቢሰማ ደጄ በሰው ይጨናነቃል» አሉ።

«ለሳቸው ግን ቅጣት ነው።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ፤ ሳቃቸውም ጠፋ። «ለእሱ ከዚህ የሚከብድ የለም። ይምጣ።»

አባቴን በሳምንቱ ይዣቸው ወረድኩ። ያ ሬሳ የሚያነቃ መንገድ እሳቸውን አላነቃቸውም፤ ወገዳ እስክንደርስ ትከሻዬ ላይ ወድቀው ተኙ። ተሳፋሪው «አባ ምን እያዩ ይሆን?» እያለ ይንሾካሾካል። እባካችሁ ተዉን፣ እንቅልፍ እያዩ ነው ልል ፈልጌ፣ መኪናው ውስጥ ተአምር አላስነሣም ብዬ ዋጥኩት።

ከመነኩሴው ጋር ብዙ ቆዩ። እኔ ውጪ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። መንገድ ጀመርን።

«እስከ ዐቢይ ጾም» አሉኝ።

«ምን እስከ ዐቢይ ጾም?»

«ተኛ አሉኝ። የማታ ጸሎትህን አድርሰህ ትተኛለህ፤ እስኪነጋ ከአልጋህ አትወርድም። ማኅሌት የለም፤ ሌሊት ማስተማር የለም፤ ስግደት የለም። በጎንህ ትተኛለህ። ክኒንህን በሰዓቱ ትውጣለህ። ያቺን ሽምብራ ደግሞ ቀቅለህ ብላት።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። «የጥር ማርያምንም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አስተርእዮ ማርያም የደብራችን ክብረ በዓል ናት፤ አባቴ ሳይመሯት ያለፈች ጥር በሕይወቴ አላውቅም።

«እሷንም» አሉና ቀድመውኝ ዳገቱን ጀመሩ። 

ቀኖናው ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ሰሞናት ተጋደሙ እንጂ አልተኙም አለች እናቴ፤ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው ያድራሉ። ኋላ ገላቸው ብልሃቱን አገኘው። አንድ ቀን እናቴ ጨንቋት ደወለች፤ ሁለቱም ተኝተው አርፍደው ነበር! «ምን ነካን?» አለችኝ። ምንም አልነካችሁም፣ ሰው ሆናችሁ ነው አልኳት። መንደሩ ደግሞ የኔታ ሌሊት የማይታዩት «ሱባኤ ገብተው ነው» ብሎ ተረጎመው። ይኼኛው ስሕተት እንኳን ጠቀመን። በደጃችን የሚያልፍ ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የሚጮህ ውሻ ካለ ያባርራል። በጋይንት ምድር እንዲህ በዘብ የተኛ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለገና ስመጣ ሌላ ሰው አገኘሁ። የፊታቸው ቀለም ተመልሷል። ቀን ተቀምጠው አያንቀላፉም፤ የጀመሩትን ወሬ ይጨርሳሉ። ተማሪ ሲሳሳት አርጩሜ ማንሣቱ ቀርቶ «እስቲ ድገመው» ይላሉ። ልጅ ሆነን የምንፈራው ቁጣቸው ግማሹ እንቅልፍ ኖሯል። ግፊታቸውም ወርዷል። በልቤ እየፎከርኩ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ለጥር ማርያም ፈቃድ ወስጄ ቤት ነበርኩ። በዋዜማው አባቴ ታላቁን ተማሪያቸውን ጠርተው፣ ማኅሌቱን እሱ እንደሚመራ ነገሩት። አንዱን ከባድ ቦታ ደጋግመው አስባሉት፤ ዜማው ድንገት የሚታጠፍበት፣ ሁልጊዜ የሚሰናከልበት ቦታ ነው። «እዚህ ጋ ተጠንቀቅ፤ እኔ የለሁም» አሉት። ከዚያ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ እስር ቤት እንደሚገባ ሰው ወደ አልጋቸው ሄዱ። እኔና እናቴም ድንገት እንዳይነሡብን ብለን ቀረን።

ሊነጋ ሲል ስነቃ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው አየኋቸው። አልወረዱም፤ እግራቸው ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው። ከኮረብታው ላይ የከበሮው ድምፅ ጥርት ብሎ ይወርዳል። «ደህና አደሩ?» ስላቸው በእጃቸው ዝም በይ አሉኝ። በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምቱን ይከተላሉ።

«ደረሰ» አሉ። «አሁን ይሰናከላል።»

ዜማው ታጠፈ። አልተሰናከለም። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቆመ። ሌላ ስሕተት የሚጠብቁ መሰለኝ፤ አንገታቸውን ሰግገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። እልልታው ከኮረብታው ሲወርድ እናቴ እጇን አጨበጨበች።

«እሰይ! እንኳን ደስ አለዎት! ያስተማሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ» አሉ። ደግሞም «አንዲት ቃል አላጎደለም» አሉ። ፊታቸው ላይ ደስታ ፈልጌ አጣሁ። «ከጎልማሳነቴ ጀምሮ፣ እኔ ካልቆምኩ የሚጎድል ይመስለኝ ነበር። ተኝቼ ነጋ።»

መለኪያዬን አወጣሁ። ክንዳቸውን ሰጡኝ። ቁጥሩ ከገናውም ያምራል። «ጥሩ ነው አባዬ፤ እንዲህ ሆኖም አያውቅ!» አልኳቸው፤ የደስታ ድምፅ ለማውጣት ስታገል ይሰማኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እንደ ታዛዥ ታካሚ።

«ነግቷል እኮ፤ ቀኖናው እስኪነጋ ነው ያሉት። ተነሥተው ይልበሱ፤ ቅዳሴው ላይ ይደርሳሉ። ሕዝቡም ይጠብቅዎታል» አልኳቸው።

«እነሱ አሉ እኮ ልጄ፤ እኔ ብቀር ምን ጎደለ?» አሉ። ጋቢያቸውን ስበው፣ እንዳስተማርኳቸው በጎናቸው ሆነው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ትንፋሻቸው ሳይቆራረጥ ይወጣል ይገባል። ስማዳ ድረስ የወረድኩት ለዚህ ነበር። አሁን ግን ትከሻቸውን ይዤ ልቀሰቅሳቸው እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።